ለእኅቴ ደረት የተከልኩት ግቢ

አሪቲውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ጽጌረዳውንም፣ ጤና አዳሙንም፣ ከበሩ ግራና ቀኝ የነበረውን በሶብላም። ከጠዋት እስከ ቀትር ጎንበስ ብዬ ስነቅል ዋልኩ። ታናሽ እኅቴ ደረጃው ላይ አፏን በሻርፕ ሸፍና ተቀምጣ ታየኛለች። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ቤቱን ሰው የሞተበት አስመሰልሽው እኮ! ዱዓ የሚያደርግ ሰው ሲመጣ ምን ይዘን ልንቀበለው ነው?» ትላለች። እኔም ቀና ሳልል፣ «መተንፈስ ላቃታት ልጅ አሪቲ ምን ይሠራላታል?» አልኳት። እናቴን በዚያ ድምፅ ተናግሬያት አላውቅም። አስተግፊሩላህ አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ከነቀልኳቸው ውስጥ እኅቴ ሳትጠይቀኝ የተከልኩት አንድም አልነበረም። ዐረብ አገር በሰው ቤት በሠራችባቸው ዓመታት ስልክ ስትደውል፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የምናወራው ስለ ግቢው ነበር። ቤቱ የተሠራው እሷ በላከችው ነው። ቆርቆሮውም፣ ሲሚንቶውም፣ የብረት በሩም የሷ ላብ ነው። የምንኖርበት ግን እናቴና እኔ ነን። «አሪቲ ተክለሻል?» ትለኛለች። «በሩ ሥር አድርጊው፤ ስገባ መጀመሪያ እሱ እንዲሸተኝ።» በሌላ ጊዜ ጽጌረዳ፣ በሌላ ጊዜ ጤና አዳም። አንድ ቀን፣ «እዚያስ ምን ይሸታል?» ብዬ ብጠይቃት፣ «በረኪና» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ቀልድ አልነበረም። መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ተዘግታ፣ ዓይኗ እስኪያለቅስ ድረስ ሰድሉን በበረኪና ስታሽ ነበር የምትውለው። ይህን የነገረችኝ ከተመለሰች በኋላ ነው።

የተመለሰችው «ለውጥ መጣ» በተባለበት ሰሞን ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባጃጁ ሁሉ ባንዲራ ለብሶ የሚሮጥበት፣ ሰው ሁሉ «ከእንግዲህ ማን ይሰደዳል፣ ሥራው እዚሁ ሊመጣ አይደል» የሚልበት ጊዜ። ከደሴ በሚኒባስ መጣች። ቀጥና፣ ጠቁራ፣ ግን እየሳቀች። ሻንጣዋን በር ላይ ጣለችና ሰላምታችንን እንኳ ሳትጨርስ አሪቲው ላይ ተደፋች። ፊቷን ቀበረችበት፤ በረጅሙ ሳበችው። እናቴ ዕልልታዋን ጀምራ ነበር። ከዚያ እኅቴ ቀና ስትል ከደረቷ ውስጥ ፉጨት ሰማሁ። ጉልበቷን ይዛ ቆመች፤ አየሩ አልገባ አላት። በስንት ዓመቷ አገሯ ገብታ መጀመሪያ የሠራችው ነገር መታፈን ሆነ።

ደሴ ወስጄ አስመረመርኳት። ሐኪሙ ሳንባዋ በኬሚካሉ መጎዳቱን፣ አሁን አስም መሆኑን፣ ጥቂት ነገር እንኳ እንደሚቀሰቅስባት ነገረን። በአፍ የሚነፋ መድኃኒት አዘዘላት። «ከጭስ፣ ከአቧራ፣ ከአበባ ብናኝ ጠብቋት። ግቢያችሁ ውስጥ የተተከለውን ነገር እዩት» አለን። እሺ ብለን ወጣን። እንዴት እንደሚታይ አልጠየቅነውም። ምን ይጠየቃል? እኛ አገር ማን የማያውቀው ነገር ነው! ቅቤ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ምች ይመታዋል፤ አበባ እያሸተተ በቀትር የሄደም እንደዚያው። ክፉ ነገር የሚገባው በአፍንጫ ነው፤ ስለዚህ የሚሸት ነገር ይነቀላል። ይኸው ነው።

እናም ግቢውን በአፍንጫዬ ዳኘሁት። እያንዳንዱን ቅጠል ቀንጥሼ አሸተትኩ፤ የሸተተኝን ነቀልኩ፣ ያልሸተተኝን ማርኩ። እናቴ አንዲት የዳማከሴ ችግኝ ከማድ ቤት ጀርባ በተሰበረ ባልዲ ደብቃ እንደነበር ኋላ አገኘሁ። «ምችስ ቢመታሽ በምን ላሽሽ ነው?» አለችኝ እንደ መከራከሪያ። አሪቲውን ደግሞ ሥሩን ጭቃ ጠቅልላ ለጎረቤታችን በአደራ ሰጥታዋለች። በዱዓ ቀን እዚያ ሄዳ ቀንጠብ አድርጋ አሽታ ትመለስ ጀመር። ሽታው ለእኅቴ እንዳይደርሳት ከእሷ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ትክክል እየሠራሁ ነው ብዬ አምን ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፣ እኔ ደግሞ ያልሆነውን ሁሉ ጠርጥሬ መነጠርኩ።

ከማርኳቸው ውስጥ ዋናው የፈረንጅ ጥዱ ነው። በመንገዱ በኩል ያለውን ጎን በሙሉ አጥር አድርጌ የተከልኩት እኔ ነበርኩ፤ ችግኙን ከጎረቤታችን ተቀብዬ። በየሳምንቱ እከረክመዋለሁ። ከደሴ ወልዲያ የሚያልፍ ሰው እስኪያየው ድረስ እንደ ተቆረጠ ሳሙና ቀጥ ያለ ነበር። «የማን አጥር ነው?» ሲባል ደስ ይለኛል፤ ለምን እዋሻለሁ። እኅቴ በስልክ ያላዘዘችኝ፣ ከራሴ አእምሮ ያወጣሁት ብቸኛው ተክል እሱ ነበር። አሸተትኩት፤ ምንም። ከዚያ ወዲያ አላሰብኩትም።

እኅቴ አልዳነችም። አንድ ሰሞን ሻል ይላታል፣ ከዚያ መስከረም ጠብቶ ሣሩ ሲያብብ ፉጨቱ ይመለሳል። ቢሆንም መሄድ ትፈልግ ነበር። «እዚህ ማን ነኝ ብዬ ልቀመጥ?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሳሎን ውስጥ ፍራሿን እያጠፈች። እኔ በራሷ ገንዘብ በተሠራው መኝታ ቤት ነው የምተኛው። እንቀያየር ብያት ነበር፤ እምቢ አለች። «ኧረ ተይ፣ እንግዳ ሳሎን ነው የሚተኛ» ብላ ሳቀች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ያን ቃል እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም። ደሴ ሄዳ ለጉዞው የሚጠየቀውን የጤና ምርመራ አደረገች። ወደቀች። ደረቷ ውስጥ ያለውን ፉጨት ሰምተው መለሷት።

ያን ዕለት ማታ ሳይሆን ገና በጠራራ ፀሐይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እናቴ ከአጠገቧ ተቀምጣ፣ «አብሽሪ፣ አሏህ ያላለው ነው» ትላታለች። እኔም አብሽሪ አልኳት። ውስጤ ግን ደስ ብሎት ነበር። አልሄደችም፤ እዚሁ ናት። ከዚያ ደስታዬ በማን መታፈን የመጣ እንደሆነ ሳስበው ሰውነቴን ጠላሁት። እኅቱ መተንፈስ ስላቃታት የሚደሰት ምን ዓይነት ሰው ነው?

ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ። በፊት በሬዲዮ የምንሰማው ነገር አንድ ቀን በጆሯችን ሆነ፤ በወልዲያ በኩል ከባድ መሣሪያው እንደ ነጎድጓድ ይሰማል። መንገዱ በሰው ሞላ። ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ሽማግሌ በጋሪ የጫነ። ብዙው ወደ ደሴ ሸሸ። እኛ አምባሰል በኩል ተራራው ላይ ዘመድ ስላለን ወደዚያ እንውጣ ተባባልን። በጠዋት ተነሣን። ሜዳው ላይ እኅቴ ደህና ነበረች። የመጀመሪያው አቀበት ላይ ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ አመድ መሰለ። «እናንተ ሂዱ» አለች በቁርጥ ቁርጥ ቃል። እናቴ አጠገቧ ቁጭ አለችና፣ «እኔስ ጉልበቱ የት አለኝ? ደግሞ ያንቺን ሰበብ አገኘሁ» አለች። ሰው ሁሉ በአጠገባችን ወደ ላይ ሲያልፍ፣ እኛ ወደ ታች ተመለስን። በዚያ ቁልቁለት ላይ ያልኩትን አስታውሳለሁ። አሪቲውን ነቅዬላት፣ ጽጌረዳውን ነቅዬላት፣ ለምን አልተሻላትም? እያልኩ ከራሴ ጋር እጣላ ነበር።

በራችንን ዘግተን ተቀመጥን። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መድኃኒት ቤቶቹ ተዘጉ። መድኃኒቷ እያለቀ ነበር። ሲያፍናት መንፊያውን ይዛ፣ «አሁን ልንፋው ወይስ ትንሽ ልታገሥ?» ብላ እኔን ትጠይቀኛለች፤ ሐኪሟ እኔ የሆንኩ ይመስል። ልታገሥ እንድትል በዓይኔ የለመንኳት ጊዜ አለ። መብራት ስለሌለ ማድ ቤት በእንጨት ስለምናበስል፣ ጭሱን እንድትሸሽ ውጭ፣ ከጥዱ ሥር ጥላው ላይ አስቀምጣታለሁ። አጥሩ ከመንገድ ሰውሮናል። እናቴ በየቀኑ ትመርቀው ነበር፤ «ይህን አጥር የተከለች እጅ አይንቀጥቀጥ» ትላለች። እኔም አሜን እላለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ልብሷን የማጥበው እኔ ነበርኩ፤ ሳሙናው እጇን ስለሚያሳክካት። ለሰላት የምትለብሰውን ነጭ ሻርፕ ከሁሉ አስበልጬ ነበር የማጥበው። ገመዳችን ጠባብ ነው፤ ስለዚህ እንደ አገሩ ልማድ አጥሩ ላይ እዘረጋዋለሁ። ጥዱ ለስላሳ ስለሆነ ልብስ አይቦጭቅም። ፀሐይ ሲመታው ቶሎ ይደርቃል። እሷም በዚያ ሻርፕ ተሸፋፍና፣ በሱጁድ ፊቷን እሱ ላይ ደፍታ ትሰግዳለች። ከሰላቷ ስትነሣ ለምን እንደምታስል ማናችንም አልጠየቅንም። ስትጎነበስ ደረቷ ስለሚጨነቅ ነው አልን።

አንድ ቀትር ከአጥሩ ውጭ የወንዶች ድምፅ ሰማን። የታጠቁ ናቸው፤ የብረቱ ድምፅ ይሰማል። በጥዱ ጥላ ሊያርፉ ከዚያ ወገን ተቀመጡ። በኛና በነሱ መካከል ቅጠሉ ብቻ ነበር። ስለ ውሃ፣ ስለ ጠፋ ጫማ ያወራሉ። እናቴ ቤት ውስጥ ናት። እኅቴ አጠገቤ ነበረች፤ ሳሉ ሲመጣባት አየሁት። ትከሻዋ ተነሣ፣ ዓይኗ ፈጠጠ። እጄን ሰድጄ ከአጥሩ ላይ የደረቀውን ሻርፕ ሳብኩ፣ አጣጠፍኩ፣ አፏንና አፍንጫዋን አፈንኩባት። አጥብቄ ያዝኩ። እሷም እንድይዝ በእጄ ላይ እጇን ጨምራ ያዘች። ሳሉ ውስጧ ገብቶ ሲያንቀጠቅጣት በክንዴ ይሰማኛል። ሰዎቹ አልሄድ አሉ። ዓይኖቿ ዓይኔ ውስጥ ነበሩ፤ ተይኝ የሚሉ መሰለኝ፣ ግን አልተውኳትም።

ሲሄዱ ሻርፑን ለቀቅኩ። በአፏ ዙሪያ፣ በአፍንጫዋ ሥር፣ በጉንጯ ላይ እርድ የነካት ይመስል ቢጫ ሆና ነበር። መተንፈስ አልቻለችም። የቀረውን መድኃኒት ነፋንላት፤ አለቀ። እናቴ እየሮጠች መጥታ ጀርባዋን ይዛ ዱዓ አደረገች። ብዙ ቆይቶ፣ በጣም ብዙ ቆይቶ፣ አየሩ ገባላት። ያኔ ተነሥቼ ወደ አጥሩ ሄድኩና አንዱን ቅርንጫፍ በጣቴ ነካሁት። ቢጫ አቧራ ቡን ብሎ ወጣ፤ በፀሐዩ ውስጥ ተንሳፈፈ፤ ነፋሱ ወደ ቤታችን ወሰደው። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ምንም ሽታ የለውም።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አሉ! ጽጌረዳውን ነቅዬ፣ የዚህን ዕዳ በእሱ ላይ ለክኬ፣ ጥዱን ስከረክም ኖሬያለሁ። በከረከምኩት ቁጥር አቧራውን በግቢው አዳርሼዋለሁ። ይባስ ብዬ በፊቷ ላይ የምትደፋውን ጨርቅ በእጄ አጥቤ፣ በእጄ ዘርግቼ፣ በእጄ አቅርቤላታለሁ። በመጨረሻም በእጄ አፍኜባታለሁ። እናቴ፣ «ያ ባይሆን ይሰሙን ነበር፤ ያዳንሻት አንቺ ነሽ» ትለኛለች። ሁለቱም እውነት ነው። ከሁለቱ የትኛውን ይዤ እንደምተኛ ግን እኔ አውቃለሁ።

ልቆርጠው አልቻልኩም። ከቆረጥኩት ከመንገድ ልንታይ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ አቧራው እንዳይነሣ ከጉድጓዱ ውሃ ቀድቼ አጥሩን እረጨዋለሁ። መስኮቱን በላስቲክ ደፈንኩ፤ ልብሷን ቤት ውስጥ አሰጣሁ። በጭስና በጥድ መካከል እሷን ይዤ ከክፍል ክፍል እዞር ነበር። መድኃኒት በሌለበት እንዴት እንዳለፈች ዛሬም አይገባኝም። የአሏህ ነገር ነው እንጂ የእኔ ብልሃት አይደለም።

መንገዱ ሲከፈት፣ ሰው ዱቄት ፍለጋ ሲሮጥ፣ እኔ መጥረቢያ ተዋስኩ። እኅቴን ራቅ ያለ ጎረቤት ዘንድ አስቀምጬ፣ አፌን ሸፍኜ፣ አጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጣልኩት። ጎረቤታችን በሯ ላይ ቆማ፣ «ኧረ እናንተ፣ አሁን አገር ሰላም ሲሆን ነው አጥር የሚፈርሰው?» አለች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በይኝ» አልኳት። ችግኙን የሰጠችኝ እሷ ስለሆነች ተቀይማ ነበር፤ ምክንያቱን ስነግራት ግን የራሷንም ጥድ በእኛ በኩል ያለውን አስቆረጠችው። ቤታችን ሜዳ ሆነ። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ምን እንደምንበላ እያየ ያልፋል። በቦታው ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ ካብን።

ደሴ ያለው ሐኪም ዘንድ ስንመለስ ሁሉን ነገርኩት። «የሚሸትና ቀለም ያለው አበባ ንብ የሚጠራ ነው» አለኝ። «ዱቄቱ ከባድ ነው፤ በንብ እግር ተጣብቆ ይሄዳል እንጂ አይበርም። ሰው የሚጎዳው ያ ቀለምም ሽታም የሌለው፣ ዱቄቱን ለነፋስ የሚሰጠው ነው። ጥድ፣ ወይራ፣ ጉሎ፣ ሣሩ። አሪቲውን መንቀልሽ ግን ደግ ሠራሽ፤ እሱ ቢሸትም ከነፋሶቹ ወገን ነው።» «ጽጌረዳዬን ነቀልኩ እኮ» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በመጀመሪያው ቀን ይህን ቢነግረኝ ብዬ ተናደድኩ፤ ከዚያ በመጀመሪያው ቀን ያልጠየቅኩት እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ንብ የማትሄድበትን ነገር ግቢዬ ላለማስገባት ማልኩ። ችግኝ የሚሸጡበት መንገድ ዳር ሄጄ እቀመጣለሁ፤ የትኛው ላይ ንብ እንደሚያርፍ አያለሁ። ጥቁር ጅልባቤን ዘርግቼ አበባውን እነቀንቅበታለሁ። ዱቄቱ ቡን ካለ ይቅር፤ ተጣብቆ ከቀረ እገዛለሁ። ሻጩ ያፌዝብኛል፤ «እናቴ፣ ጅልባቡን ልትድሪው ነው እንዴ አበባ የምትረጪበት?» ይላል። ሮማን ተከልኩ፣ ሎሚ ተከልኩ፣ ጽጌረዳውን መለስኩ። ፓፓያው ሲያብብ ወንዴ የሆነውን ቆርጬ ሴቴዋን ብቻ አስቀረሁ፤ እሷ ፍሬ እንጂ ብናኝ የላትም። የእናቴ ዳማከሴ ከተሰበረው ባልዲ ወጥቶ መሬት ነካ። ሽንት ቤቱ አጠገብ የበቀለውን ጉሎ ከነሥሩ አወጣሁ። ሣሩን ፍቄ ድንጋይ አነጠፍኩበት።

ዋናው ሥራ ግን ቅንጬ አረሙ ነበር። በጦርነቱ ሰው የሸሸበት ባዶ ቦታ ሁሉ በሱ ተሸፍኗል፤ ነጭ ነጭ ፍሬ መስሎ የሚያብበው፣ ብናኙ ደረት የሚያፍነው ያ አረም። እጄን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ገና ሳያብብ፣ ከእኛ ግቢ አልፌ ባለቤቱ ያልተመለሰበትን የጎረቤት ቦታ ሁሉ አረምኩ። ሰው ያበድኩ መሰለው። ምናልባትም አብጄ ነበር። እጄ እስኪቆስል ማረም ለኔ እንደ ጾም ነበር፤ ሲያመኝ ትንሽ ይቀለኛል።

እኅቴ ዳነች። ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ ሰላቷን ሳታስል ጨረሰች፤ ከዚያ ውሃ ቀድታ መጣች። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ሣሩ ሲያብብ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን፤ ምንም አልመጣም። ያን ተቀምጣ የቀረችበትን አቀበት ወጥታ ዘመዶቻችንን ጠይቃ ተመለሰች። ስትመለስ እያንጎራጎረች ነበር። እናቴ ደጅ ወጥታ፣ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያለች ጨው በራሷ ላይ አዞረችባት፤ ዓይን እንዳይበላት።

ዓይን የሆንኩት ግን እኔ ነበርኩ። ምክንያቱም አቀበቱን በወጣች በሳምንቱ፣ ሮማኑን እያጠጣን ሳለ፣ ስለ ጉዞው እንደገና አነሣችልኝ። የድሮ አሠሪዎቿ ዘመድ እየፈለጋት ነው። «አሁን ደረቴ ደህና ነው፤ ምርመራውን አልፋለሁ» አለች። «እዚህ ምን አጣሽ?» ብላት፣ ቤቱን አየችው፣ ካቡን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ምንም አላጣሁ። የኔ የምለው አንድ ክፍል መሥራት እፈልጋለሁ፤ እዚያ ማዶ» አለች፣ በድንጋይ ካቡ ላይ አሻግራ እያመለከተች። መኝታ ቤቱን ውሰጂ ልላት ፈለግኩ። ያን ቀድሜ ብያት ነበር፤ ስል ደግሞ አልጋዬን ሳልነቅል ነበር ያልኩት። የዚያን ዕለት ሮማኑን ማጠጣቴን ቀጠልኩ።

ምርመራው እስኪደርስ ድረስ የሆንኩትን ለማንም አልተናገርኩም። ሱብሒ ሰግጄ ስጨርስ ሳሎኑ በር ላይ እቆማለሁ። ተኝታለች። ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ያን ፉጨት እፈልገዋለሁ። ትንሽ ቢመለስ፣ ሰው የማይጎዳ፣ ሐኪም ብቻ የሚሰማው ያህል። ከዚያ ያሰብኩትን ሳውቀው እደነግጣለሁ፤ ወጥቼ አረም እነቅላለሁ። በማግሥቱ ደግሞ እዚያው በር ላይ እገኛለሁ። በሁለት እጄ የምሠራውን በልቤ አፈርሰው ነበር።

ወደ ደሴ የሄደችው ለብቻዋ ነው። «ካልሽ ልከተልሽ» ብያት ነበር፤ «ግቢውን ማን ያጠጣል?» አለችኝ። ከቀትር በኋላ ባጃጁ ከመንገድ ሲታጠፍ አየሁት። ከባጃጁ ወርዳ ሮጠች። እየሮጠች ገብታ፣ ቆማ፣ ሳታለከልክ፣ «አለፍኩ!» አለች። «ደረቴን ደጋግመው አዳመጡት፤ ምንም የለም አሉ። ራጁም ንጹሕ ነው አሉ!» እናቴ ዕልልታዋን ለቀቀችው። እኅቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እታለሜ፣ ያንቺ ሥራ እኮ ነው። ይሄን ደረት የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። በዚህ ደረት ወላሂ ገና ዐሥር ዓመት እሠራለሁ!»

እንደ ተቃቀፍን ጀርባዋን በእጄ እያሻሸሁ አዳመጥኩ። ከሩጫው የተነሣ ቶሎ ቶሎ ትተነፍስ ነበር፤ አየሩ ያለ አንዳች ድምፅ ይገባል፣ ይወጣል። ጥርት ያለ ነበር። «አልሐምዱሊላህ» አልኳት፣ «መቼ ነው ታዲያ የምትሄጂው?»